ሲሞቅ ይለቃታል

ጎሚስታው በሥራው ቀልድ አያውቅም፤ ከሥራው ውጭ ግን የሰፈሩን ሰው ሁሉ የሚያስቀው እሱ ነው። በዚያ ማክሰኞ ጠዋት እሱ ከሚኖርበት ፎቅ ከላይኛው ደርብ የተከራየችው ወጣት ሴት መኪናዋን እያንገጫገጨች ደጁ ላይ ስታቆም፣ ክሪኩን አስገባ፤ ጎማውን ፈታ፤ ዙሪያውን በመዳፉ ዳሰሰና ራሱን ነቀነቀ።

«ይህንንስ አልለጥፍልሽም፣ ልጄ።»

«ምነው ጋሼ? ቀዳዳው ትንሽ መስሎኝ ነበር እኮ።»

«ቀዳዳው አይደለም ያሳሰበኝ። እዚህ ጎኑ ላይ ያበጠውን አየሽ? ጎማ በአንድ ጎኑ ብቻ ካበጠ ውስጡ ያለው ክር ተበጥሷል ማለት ነው። ከላይ ሲያዩት ደህና ነው። መንገድ ላይ ነው ጉድ የሚያደርግሽ። ሌላ ግዢ።»

ሁለቱ እስከዚያ ቀን ድረስ ደረጃ ላይ ሲገናኙ ከሰላምታ ያለፈ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። ወጣቷ በሆስፒታል የተጎዳ እጅና እግርን የምታለማምድ ባለሙያ ናት። የሙያዋ ስም የሰፈሩን ሰው ምላስ ስለሚያደናቅፈው፣ ሁሉም «ዶክተሯ» ብሎ ተገላግሏል። እሷም ማረሙ ሰልችቷት ትታዋለች።

ጎሚስታው ትርፍ ጎማውን እያሰረላት ሳለ ልጁ የምሳ ሳህን በጨርቅ ጠቅልላ በመንገዱ ማዶ ብቅ አለች። የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት። ባለፈው ዓመት ብቻ ቁመቷ ተመዞ እናቷን አልፋለች። ሩጫዋን ያየ ሁሉ «ሚዳቋ» ይላታል፤ የቤት ስሟን ከቤተ ሰቡ በቀር የሚያስታውስ የለም።

«እቺ ናት እንግዲህ!» አለ አባቷ፣ ደረቱ በአንድ ጊዜ ተነፍቶ። «እሑድ የምርጫ ውድድር አላት። አሠልጣኛቸው ለክለቡ ይመርጣል። ከተመረጠች ትምህርቷም ማደሪያዋም በክለቡ ነው።»

ሚዳቋ ሳህኑን አስቀምጣ፣ እጅ ነሥታ ተመለሰች። ወጣቷ ግን ዓይኗን ከልጅቷ እግር ላይ መንቀል አቃታት።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ልጅዎ ግራ እግሯን ምን ሆነች?»

«ምንም። ጡንቻዋ ነው። ልምምድ ሲበዛ ያው ይዝላል።»

«ቀኙንስ ያማታል?»

«ቀኙ ደህና ነው።»

«ከጀመራት ቆየ?»

«ምን የፍርድ ቤት ጥያቄ ነው እንዴ?» አለ ጎሚስታው፣ ቁልፉን መሬት ላይ አስቀምጦ እየተነሣ። «እየሠራች ስትሞቅ ይለቃታል፤ ስትቀዘቅዝ ይይዛታል። አሠልጣኟ በቅባት እያሸላት ነው። ልጅ ሲያድግ ያመዋል፤ እኛም አሞን አድገናል።»

«ነገሩ እሱ ነው፣ ጋሼ። ልምምድ የሚያመጣው የጡንቻ ዝለት ብዙ ጊዜ ሁለቱንም እግር ነው የሚይዘው። በማግስቱ ይጠነክራል፤ ከዚያ ቀን በቀን እየቀለለ ይጠፋል። ልጅ ሲያድግ የሚያመውም ቢሆን አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ ነው፤ ማታ አሞት ጠዋት ሲነቃ ረስቶት ይሮጣል፤ አያነክስም። አንድ እግር፣ አንድ ቦታ፣ እያደር የሚብስና የሚያስነክስ ሕመም ግን የተለየ ነው። ጡንቻ ላይሆን ይችላል። ሐኪም ሳያያት እሑድ ባትሮጥ…»

«ባትሮጥ?» ጎሚስታው ደሙ ፈላ። «ልጄ፣ አንቺ ጥሩ ጎረቤት ነሽ፤ ሰላምታሽንም እወዳለሁ። ግን ዓመት ሙሉ ጎህ ሲቀድ የተነሣችው እሷ ናት። በብርድ ቆሜ የጠበቅኋት እኔ ነኝ። አንቺ በመንገድ ላይ ስትራመድ ዓይተሽ፣ በአንድ አፍታ ድካማችንን ሁሉ ልታፈሺው ነው?»

«ላፈሰው አይደለም። እንዳይፈስ ነው።»

«በይ መኪናሽ ደርሷል። በሰላም ግቢ።»

ወጣቷም አልተከራከረችም። ሞተሩን ካስነሣች በኋላ ግን መስኮቱን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ብቻ። የሚያማትን ቦታ በአንድ ጣትዋ እንድታሳይዎት ይጠይቋት። መላ እግሯን በመዳፏ ካሳየችዎት እኔ ተሳስቻለሁ» ብላ ሄደች።

ሰው ያልጠየቀው ምክር ሲሰጠው መጀመሪያ የሚቆስለው ክብሩ ነው። ጎሚስታው ቀኑን ሙሉ ካላማዳሪ፣ የጎማውን የውስጥ ፊኛ፣ ውሃ ውስጥ እየነከረ የአየር አረፋ ሲፈልግ ዋለ፤ ልቡ ግን ከዚያች ወጣት ጋር ይሟገታል። ትናንት ከትምህርት ቤት የወጣች! ወልዳ አታውቅ፣ ሮጣ አታውቅ!

ማታ ቤቱ ሲገባ ጫማውን እያወለቀ ለሚስቱ ነገሩን አንድ በአንድ ተረከላት። ለእሱ ታዝናለች ብሎ ነበር። እሷ ግን የያዘችውን ልብስ አጥፋ ሳትጨርስ ቁጭ አለች።

«እውነቷን ነው» አለችው።

«ምን አልሽ?»

«እውነቷን ነው አልኩህ። ልጅህ ደረጃውን የምትወጣው ብረቱን በሁለት እጇ ይዛ ነው። የምትተኛው እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ ነው። ነግሬህ ነበር። አንተ ግን 'ልቧን አታሳንሺባት' ብለህ አፌን አስያዝከኝ። እኔም ሞኟ ዝም አልኩ።»

ጎሚስታው ተነሣ። ልጁን ጠራት። ከውስጥ ክፍል ስትመጣ ላለማነከስ የምታደርገውን ጥረት ያን ጊዜ ገና አየው። ለካ ዓይን ያለው ሁሉ አያይም።

«የኔ ልጅ፣ እግርሽን ያምሻል?»

«አያመኝም፣ አባዬ።»

«እሺ። ቢያምሽ ኖሮ የት ነበር የሚያምሽ? በአንድ ጣትሽ አሳዪኝ።»

ሚዳቋ ወደ እናቷ ተመለከተች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጣቷን ከግራ ቅልጥሟ ታችኛው ክፍል፣ አጥንቱ ላይ አሳረፈች። ጣቷ ወዲያ ወዲህ አላለም። አባትየው ተንበረከከ፤ እጅግ ለስለስ አድርጎ በአውራ ጣቱ ያንኑ ቦታ ነካ። ልጅቷ የሹራቧን እጅጌ ጥርሷ ውስጥ አስገባች፤ እንባዋ ግን ቀደማት።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለ ጎሚስታው።

«አንተ ለደንበኛው ሁሉ 'የኔ ልጅ እንደ ሌሎቹ አትነፋረቅም' ትላለህ። እንዳላሳፍርህ ብዬ ነው።»

በአንድ ጎኑ ያበጠ ጎማ ሲያይ አንድ ሰው እንኳ አስነድቶ የማያውቅ ሰው፣ የገዛ ልጁን እግር በየማለዳው «ሩጪ» እያለ ሸኝቶታል። ይህን ሲያስብ ንዴቱ ከጎረቤቲቱ ላይ ተነሣ፤ ለጊዜው ግን የሚያርፍበት ቦታ አላገኘም።

በማግስቱ ሱቁን ዘግቶ ወደ ልምምድ ሜዳው ወረደ። አሠልጣኙን ሰው ሁሉ «ብረቱ» ይለዋል፤ ጠጉሩ የሸበተ፣ ወገቡ ያልጎበጠ፣ በወጣትነቱ ስመ ጥር ሯጭ የነበረ ሰው ነው። ፊሽካውን ከአንገቱ አንጠልጥሎ፣ የአንዲትን ልጅ ባት በቅባት አጥብቆ እያሸ ነበር። ልጅቷ ፊቷን በክንዷ ሸፍናለች።

«ደህና አደሩ፣ አሠልጣኝ?»

«ደህና ወንድሜ። ሚዳቋ የት አለች ዛሬ?»

«አስቀርቻታለሁ። እግሯ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው የሚያማት። ጡንቻ አይመስለኝም። ምን ይሉኛል?»

ብረቱ ሳቀ። «ምርጫ ሲቀርብ ሁሉም ያነክሳል። ፍርሃት ነው! ጡንቻ ካላመመ አይጠነክርም። እኔ የጣት ጥፍሬ ወልቆ፣ ካልሲዬ በደም ርሶ ነው ያሸነፍኩት። አንዲት ቀን አርፌ አላውቅም።»

«እሷ ግን ገና እያደገች ነው፣ አሠልጣኝ።»

«እሱ ነው ችግሩ! አደገች፤ ከበደች። እኔም መክሬያታለሁ፤ ራት ተዪ፣ ሯጭ ቀላል ነው ብዬ።»

ጎሚስታው ጆሮውን ተጠራጠረ። «ራት… ተዪ?»

«ሁሉንም ነው ያልኳቸው።»

ጎሚስታው ሳህኗን ለታናናሾቿ ስታሳልፍ፣ «ከጓደኞቼ ጋ በልቻለሁ» ስትል የሰነበተችውን ልጁን አሰበ። «አሠልጣኝ» አለ፤ ድምፁን ዝቅ ያደረገው ላለመጮኽ ነው፤ «እኔ ከጎማ ጋር የምታገለው ይቺ ልጅ በልታ እንድታድር ነው። እርስዎ በማን ፈቃድ ነው ከቤቴ ማዕድ ያስነሷት?»

«አንተ ጎማህን ንፋ፣ ወንድሜ። ሩጫውን ለእኔ ተው።»

ሰው ሲሰድቡት ንዴቱ ይነዳል፤ ልጁን ሲነኩበት ግን ንዴቱ ይቀዘቅዛል፤ የቀዘቀዘውም ይብሳል። ጎሚስታው ወደ ቤቱ ተመለሰ። ማታ የላይኛውን ደርብ በር አንኳኳ። ወጣቷ ከፍታ ስታየው፣ «ይግቡ ጋሼ» አለች፤ «ነግሬዎት አልነበር?» አላለችም። ጎሚስታው ከሁሉ በላይ ያከበራት በዚህ ነው።

«በአንድ ጣቷ ነው ያሳየችኝ» አላት።

በማለዳ ሚዳቋን ይዘው ሦስቱ ሆስፒታል ሄዱ። ሐኪሙ መረመራት፤ ራጅ አስነሣት፤ ፎቶውን መብራት ላይ ሰቅሎ በእርሳስ ጫፍ አሳያቸው። ከቅልጥሟ አጥንት ላይ እንደ ጠጉር የቀጠነ መስመር ይታያል።

«አጥንቷ ተሰንጥቋል። በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። ያለ ዕረፍት ስትሮጥ፣ አጥንቱ ራሱን ሳይጠግን ሌላ ጫና ሲደርስበት የመጣ ነው። እሑድ ሮጣ ቢሆን ኖሮ ሙሉ በሙሉ ሊሰበር ይችል ነበር። ትበላለች?»

አባትና ልጅ ተያዩ።

«ራት ትቼ ነበር» አለች ሚዳቋ፣ ወለሉን እያየች። ከዚያ ወደ ወጣቷ ዞራ የሆነ ነገር በጆሮዋ ነገረቻት። ወጣቷ ለሐኪሙ ቀስ ብላ አስረዳችው፤ የወር አበባዋ ጀምሯት ነበር፤ ከቀረ ግን ወራት ሆኖታል። ለእናቷ እንኳ አልተናገረችም።

«ይህም ከምግቡ ጋር የተያያዘ ሊሆን ስለሚችል እንመረምረዋለን» አለ ሐኪሙ። «የሚያድግ ልጅ ሁለት ዕዳ አለበት፤ የሚሮጥበትና የሚያድግበት። ምግቡን ከቀነሱበት አንዱን ከአጥንቱ ነው የሚከፍለው። ደስ የሚለው ግን ይድናል። ታርፋለች፤ ትበላለች፤ ቀስ በቀስ ትመለሳለች።»

«ሲታሽ ነበር» አለ ጎሚስታው፤ «በየቀኑ፣ አጥብቆ፣ እዚያው ስንጥቁ ላይ!» ከዚያ ተነሥቶ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። ግድግዳውን ተደግፎ ሲቆም ከአሠልጣኙ ይልቅ በራሱ መናደዱን ወጣቷ ከፊቱ አነበበች።

«ጋሼ፣ አሁን ራስዎን መብላት ለልጅቷ ምንም አይረባትም። እዚያ ሜዳ ላይ ሌሎችም አሉ።»

«አሉ!» አለ ጎሚስታው፣ ቀና ብሎ። ያቺ ባቷን እየታሸች ፊቷን የሸፈነችው ልጅ ትዝ አለችው።

እሑድ ጠዋት ወላጆች በሜዳው ዳር ተኮልኩለዋል። ልጃገረዶቹ መስመሩ ላይ ቆመዋል። ጎሚስታው ራጁን ይዞ፣ ከጎረቤቲቱ ጋር፣ በመካከላቸው አልፎ ብረቱ ፊት ቆመ።

«አሠልጣኝ፣ ፊሽካውን ከመንፋትዎ በፊት ይህን ይመልከቱ። የልጄ እግር ነው።»

ብረቱ ፎቶውን ወደ ፀሐይ ሰቅሎ አየ። መስመሩን ሲያገኘው ቅንድቡ ተሰበሰበ። ቢሆንም በሰው ፊት ነውና፣ «አደጋ የትም አለ» አለ። «አንዲት ልጅ ተጎዳች ብዬ ቡድን ልበትን?»

«አደጋ አይደለም!» አለ ጎሚስታው፤ ድምፁ ሜዳውን ሞላው። «አደጋ ሳይታሰብ ነው የሚመጣው። ይህ ግን እየጮኸ ነው የመጣው! ልጄ አነከሰች፤ 'ሲሞቅ ይለቃታል' አልን። ተራበች፤ 'ሯጭ ቀላል ነው' አልን። ጥርሷን ነከሰች፤ 'ጀግና ናት' ብለን አጨበጨብን። እርስዎም፣ እኔም! ልጅ ሕመሙን ደብቆ እንዲኖር ማስተማር ምን ዓይነት ሥልጠና ነው?»

«እኔ በዚሁ መንገድ ነው የሠለጠንኩት» አለ ብረቱ፣ እሱም በቁጣ። «ለዚህም በቅቻለሁ!»

ወጣቷ ያን ጊዜ ገባች። «ጌታዬ፣ እርስዎ ለዚህ የበቁ ጠንካራ ሰው ነዎት፤ ማንም አይክድዎትም። አብረውዎት የጀመሩትስ ሁሉ በቁ?»

ብረቱ ፎቶውን ለጎሚስታው መለሰ፤ ወጣቷ ግን ቀጠለች።

«የሚያሸንፈውን እናያለን፤ ስሙንም እናነሣለን። ተሰብሮ የቀረውን ግን ማንም አይቆጥረውም። እኔ በሥራ ቦታዬ የማያቸው እነዚያን ነው። ሩጫ ይቅር አላልኩም፤ ልምምድም ይቅር አላልኩም። ዝለት የልምምድ ወጉ ነው። ግን ዝለትና ጉዳት ይለያዩ ነው የምለው።»

«የእኔ ልጆች ጉዳት የለባቸውም» አለ ብረቱ። ከዚያ ወደ መስመሩ ዞረ። «ይኸው እነሱ ይመስክሩ! አንድ እግሯን ብቻ የሚያማት አለች? ተናገሩ!»

አንድም እጅ አልተነሣም። ልጆቹ ጫማቸውን ያያሉ።

«አዩ?» አለ ብረቱ።

«እንዲህ አይጠየቅም፣ ጌታዬ» አለች ወጣቷ። «አመመኝ ያለች ከቡድኑ አትወጣም፣ ብለው ቃል ይግቡላቸውና ይጠይቁ።»

ብረቱ ወላጆቹን አየ፤ ልጆቹን አየ። «አመመኝ ያለችን አላባርርም» አለ፣ ቃሉን ከጉሮሮው እየጎተተ። «ቃሌ ነው።»

ከዚያ ከሁሉ ታንሳ የምትታየው ልጅ እጇን እስከ ትከሻዋ ድረስ ብቻ አነሣች። ቀጥሎ ባቷ ሲታሽ የነበረችው። ቀጥሎ አንዷ ካልሲዋን ዝቅ ስታደርግ ከሥሩ በጨርቅ የተጠቀለለ ቁርጭምጭሚት ወጣ። ከወላጆቹ መካከል አንዲት እናት፣ «ውይ፣ የኔም ልጅ!» ብላ ሮጠች።

ብረቱ መሬት ላይ ተቀመጠ። ወገቡ ያልጎበጠው ሰው በአንድ ጊዜ ዕድሜውን መሰለ። «አንድም ቀን እኔ ጋ መጥቶ 'አመመኝ' ያለኝ ልጅ የለም» አለ። «እውነቴን ነው። አንድም ልጅ።»

«ማን ይነግርዎታል?» አለ ጎሚስታው። ቁጣው ገና አልበረደም፤ ቢሆንም አጠገቡ ቁጢጥ አለ። «እኔንስ መች ነገረችኝ? አባቷን!»

ምርጫው ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። አንዳንድ ወላጅ አጉረመረመ፤ አንዱም «ሴቶች አሸነፉህ» ብሎ በብረቱ ተሳለቀ። ብረቱ ግን ግትር የሆነውን ያህል ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አልነበረም። በማግስቱ ጎረቤቲቱን ራሱ ሄዶ ለመናት፤ እሷም ቅዳሜ ቅዳሜ ሜዳው ላይ እየተገኘች ልጆቹን ማየት ጀመረች። ከሳምንቱ አንድ ቀን ዕረፍት ሆነ። የልምምዱ መጠን በአንድ ጊዜ መዝለሉ ቀርቶ በጥቂት በጥቂቱ ያድግ ጀመር። «ራት ተዪ» የሚለው ቃል ከሜዳው ተባረረ። በአንድ ቦታ የጸና ሕመም በቅባት አይታሽም፤ ያበጠ፣ የሚያስነክስ ወይም ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም ያለባት ልጅ በቀጥታ ሐኪም ዘንድ ትላካለች።

ለውጡ ሰነፍ ያፈራል ብለው የፈሩ ነበሩ። ወሩ እየገፋ ሲሄድ ግን ልምምድ የሚቀር ልጅ አነሰ፤ ያረፈ እግር ፈጠነ፤ የበላ ልጅ በትምህርቱም ነቃ። እናቶች ልጆቻቸው ሲያነክሱ መሸፋፈን ተዉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን አባባል ሁሉም ያውቀው ነበር፤ የጎደለው ሳይደብቁ መናገር የሚቻልበት ቦታ ነበር።

ሚዳቋ በሐኪሟ ፈቃድ ወደ ሜዳው ስትመለስ መጀመሪያ በእርምጃ ነው፤ ከዚያ በሶምሶማ፤ ከዚያ እንደ ቀድሞዋ። አባቷ ያን ሁሉ ጊዜ «ይበቃሻል» በማለት አሰልችቷት፣ በመጨረሻ እሷው «አባዬ፣ እስቲ ወደ ጎማህ ሂድ» አለችው። ከልቡ ሳቀ።

አንድ ቀን ጠዋት አንድ የማያውቁት አባት ፊቱ ቀልቶ ሜዳው ውስጥ ገባ። ብረቱ ወንዶችንም መቀበል ጀምሮ ነበርና፣ ልጁ ቡድኑን ከተቀላቀለ ብዙም አልሆነው፤ በዚያ ቀን ጉልበቱን አመመኝ በማለቱ ብረቱ ዳር አስቀምጦታል።

«ልጄን ለሩጫ ነው የላክሁት!» ብሎ ጮኸ ሰውየው። «ለመቀመጥማ ቤቱም ወንበር አለው! ትንሽ ባመመው ቁጥር የሚቀመጥ ልጅ ምን ይሆናል?»

ብረቱ ሊመልስ ሲል ጎሚስታው እጁን አንሥቶ አስቆመው። የሰውየውን ክንድ ያዘ፤ አያያዙ የወዳጅ አልነበረም፤ የጠላትም አልነበረም።

«ወንድሜ፣ ቁጣህን አውቀዋለሁ፤ እኔም ለብሼው ዞሬያለሁ። ግን አንድ ነገር ልንገርህ። ልጅህ ዛሬ ጠዋት በዚህ ሁሉ ሕፃን ፊት ቆሞ 'አመመኝ' አለ። የእኔዋ ይህን ለማለት ድፍረት ያገኘችው አጥንቷ ከተሰነጠቀ በኋላ ነው። አሁን ሂድና አጠገቡ ተቀመጥ። የቱ ጋ እንደሚያምህ አሳየኝ በለው። ከጮኽህበት ግን ሁለተኛ አይነግርህም።»

ሰውየው ወደ ልጁ ሄደ። ልጁ ከዳር ሆኖ አባቱ ሲመጣ እያየ ትከሻውን አኮማተረ። አባትየው አጠገቡ ሲደርስ ግን ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ ሣሩ ላይ ተቀመጠና፣ «የቱ ጋ ነው፣ የኔ ልጅ?» አለው።